ድድ አጠገብ የተቦረቦረ ጥርስ፦ ኮምፖዚት ይሻላል ወይስ ግላስ አዮኖመር? (ድሬዳዋ)

ለገሃሬ | ሰኞ፣ ማታ 1:40

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሰላም ሐረሮች። አንድ ነገር ላማክራችሁ።

ከላይ በግራ በኩል፣ ከክራንቻዬ ቀጥለው ያሉት ሁለት ጥርሶች ድዱ ጋ ተቦርቡረዋል። ስስቅ አይታይም። ከንፈሬን ከፍ ሳደርግ ግን ቡኒ ጉድጓድ አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ይነዝረኛል። ትኩስ ነገር ምንም አይለኝም። ማታም አያመኝም።

ሁለት ክሊኒክ ሄድኩ። አንደኛው «በኮምፖዚት እንሙላው፣ ከጥርስህ ቀለም ጋር አንድ ይሆናል» አለኝ። ሁለተኛው «እዚህ ቦታ ላይ ኮምፖዚት አይበረክትም፣ ግላስ አዮኖመር ነው የሚሻልህ» አለ። የኮምፖዚቱ ዋጋ እጥፍ ገደማ ነው። ሁለቱም ነጭ የጥርስ መሙያ ናቸው። ሁለቱም ሐኪሞች በሚሉት ነገር እርግጠኛ ናቸው። እኔ መሃል ቤት ቀረሁ።

ጭንቀቴ ገንዘቡ አይደለም። ዛሬ ተሞልቶ ነገ እንዳይወልቅብኝ ነው። የደረሰበት ሰው ካለ ይንገረኝ። ባለሙያ ካለ ደግሞ ልዩነቱን በሚገባኝ መንገድ ያስረዳኝ።

አቦ_ታይዋን | ሰኞ፣ ማታ 2:05

አቦ፣ እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ከታች አንዱ ጥርሴ ድዱ ጋ ተበልቶ ነበር። በኮምፖዚት ተሞላ። ሲያዩት ደስ ይላል፣ የቱ ጥርስ እንደተሞላ እንኳን አይለይም። ዓመት ሳይሞላው እየበላሁ ወለቀ። ሲሞላልኝ ድዴ ይደማ ነበር። በጥጥ እየጠረጉ ነው የጨረሱት። ከዚያ ሌላ ቦታ በግላስ አዮኖመር አስሞላሁት። እስካሁን ንቅንቅ አላለም። ቀለሙ ግን ነጣ፣ ደብዘዝ ይላል። የታች ጥርስ ስለሆነ አይታየኝም። ከእኔ ከጠየቅከኝ ግላስ አዮኖመር።

ደቻቱ_ማዶ | ሰኞ፣ ማታ 2:30

እኔ በዚህ አልስማማም። ግላስ አዮኖመር ርካሽ ስለሆነ ነው የሚሰጠን። በዘመቻ ለተማሪዎች የሚሞላው እኮ እሱ ነው። ዱባይ ያለው ወንድሜ ያስሞላቸው ጥርሶች ሁሉ ኮምፖዚት ናቸው። ስንት ዓመታቸው ነው፣ አንዱም አልወለቀም። ኮምፖዚት ጠንካራ ነው፣ ያምራል። አቅሙ ካለህ ለጥርስህ አትሰስት።

ዶክተር_ከዚራ | ሰኞ፣ ማታ 3:50

ለገሃሬ፣ ሰላም። እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ፣ የምሠራውም እዚሁ ድሬ ነው። ጥርስህን ሳላይ «ይሄን አስሞላ» አልልህም። ሁለቱ ሐኪሞች ለምን እንደተለያዩ ግን ላስረዳህ እችላለሁ። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ።

ጥርስ ከላይ የለበሰው ጠንካራ ሽፋን ኢናሜል ይባላል። ወደ ድድ ሲጠጋ እየሳሳ ይሄድና ያልቃል። ከዚያ በታች ሥሩ ነው። ሥሩ ኢናሜል የለውም። ዴንቲን ነው፣ ላዩ ላይ ስስ ልባስ አለው፣ በቃ። ዴንቲን ደግሞ ለስላሳና እርጥብ ነው። አሲድንም አይችልም። ኢናሜል መሟሟት የሚጀምረው አፍ ውስጥ ያለው ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) ወደ 5.5 ሲወርድ ነው። ሥሩ ግን ገና ከ6 በላይ እያለ መሟሟት ይጀምራል። ድድ የሸሸበት ሰው ጥርሱ እዚያ ቦታ ላይ ቶሎ የሚበላው ለዚህ ነው።

ኮምፖዚት ሬዚን ከሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገርና ከደቃቅ ብርጭቆ የተሠራ ነው። በራሱ ጥርስ ላይ አይጣበቅም። የሚይዘው ማጣበቂያው ነው። መጀመሪያ ጥርሱ በፎስፎሪክ አሲድ ይሻከራል። አብዛኛውን ጊዜ 37 በመቶ የሆነው ጄል ነው። ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1955 ያሳየው አሜሪካዊው ማይክል ቡኦኖኮር ነው። አሲዱ ኢናሜሉ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ይከፍታል። ማጣበቂያው እዚያ ገብቶ ይቆልፋል። ኢናሜል ላይ ሲሆን ይህን ማሰሪያ የሚያህል የለም። ዴንቲን ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ውስጡ ውሃ አለ፣ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን አለ። ማሰሪያው ደከም ይላል፣ ዓመታት ሲያልፉም እየላላ ይሄዳል።

ሌላም ነገር አለ። ኮምፖዚት በሰማያዊ መብራት ሲደርቅ ይኮማተራል። ከይዘቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል። ሲኮማተር ጠበቅ አድርጎ ወደያዘው ወደ ኢናሜሉ ይሳባል። ከታች፣ በሥሩ በኩል፣ ሊለቅ ይችላል። በዚያች ክፍተት ምራቅና ባክቴሪያ ይገባሉ። ጠርዙ ይጠቁራል። ከሥርም እንደገና መበላት ይጀምራል።

ግላስ አዮኖመር ዱቄትና ፈሳሽ ነው። ዱቄቱ ፍሎራይድ ያለበት ብርጭቆ ነው፣ ፈሳሹ አሲድ። ለንደን ውስጥ አለን ዊልሰንና ብራያን ኬንት የሚባሉ ኬሚስቶች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የሠሩት። ሲቀላቀል አሲዱ ጥርሱ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር በቀጥታ ይተሳሰራል። የተለየ ማጣበቂያ የግድ አይልም። በሙቀትና በቅዝቃዜ የሚሰፋበትና የሚጠብበት መጠን ለዴንቲን በጣም ይቀርባል። ስለዚህ ትኩስ ሻይ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ ጠርዙ ብዙ አይሳሳብም። ጥርስን ከመበላት የሚከላከል ፍሎራይድም ይለቃል። ድክመቱ ደግሞ ግልጽ ነው። ጥንካሬው ያንሳል፣ ከጊዜ ጋር ይሻክራል፣ ቀለሙም አቦ_ታይዋን እንዳለው ደብዘዝ ይላል።

ሰው ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የማየው የጉድጓዱ የታችኛው ጠርዝ የት ላይ እንዳለቀ ነው። ዙሪያውን ኢናሜል ካለ፣ ማድረቅም ከቻልኩ፣ ኮምፖዚት እሞላለሁ። ጠርዙ ሥሩ ላይ ከወረደ፣ ወይም ከድድ በታች ከገባ፣ ወደ ግላስ አዮኖመር አዘነብላለሁ። የአንተን ያዩት ሁለቱ ሐኪሞች ምናልባት የተለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅህ። የምትቦርሸው በቀኝ እጅህ ነው? ጉድጓዱን በጥፍርህ ስትነካው ጠንካራና የሚያንሸራትት ነው ወይስ ሻካራና ያልጠነከረ?

ሸዋ_በር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:20

ዶክተር ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ሐረር የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ከዚያ በፊት ድሬ ሠርቻለሁ። ሐኪሞች ለታካሚ የማይነግሩትን የእኛን የጓዳ ሥራ ልጨምር፣ ምክንያቱም ሙሌት የሚወልቀው አብዛኛውን ጊዜ በዕቃው ምክንያት አይደለም።

መጀመሪያ ደም። አቦ_ታይዋን፣ ድድህ እየደማ ነው የተሞላልህ ብለሃል። የነገሩ ጭብጥ ያ ነው ብዬ አምናለሁ። ማጣበቂያው ላይ ደም ወይም ምራቅ ከነካ አለቀ፣ ኮምፖዚቱ የዓለም ምርጡ ቢሆንም አይይዝም። ግላስ አዮኖመር ትንሽ እርጥበት ይችላል። ደም ግን እሱም አይወድም። ድዱ ያበጠና የሚደማ ከሆነ መጀመሪያ ጥርሱ ይታጠባል፣ ድንጋዩ ይነሳል። አንድ ሁለት ሳምንት በደንብ እየቦረሸ ይቆያል። ድዱ ሲረጋጋ ነው የሚሞላው። ጥርሱ ካልተጣደፈ በስተቀር ለዚህ የሚጠብቅ ሐኪም ጥሩ ሐኪም ነው። ሲሞላ ደግሞ ድዱን ገለል የሚያደርግ ቀጭን ክር አለ። በድዱና በጥርሱ መሃል ይገባል። ወይም ራበር ዳም የሚባለው ስስ ላስቲክ ይወጠራል። ለድድ አጠገብ ጉድጓድ ብቻ የተሠራ መቆንጠጫ አለው፣ ቁጥሩ 212 ነው። «በክር ወይም በላስቲክ ነው የምትሠሩት?» ብላችሁ ጠይቁ። ማፈር የለበትም።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ድሬ ውጭው 35 ዲግሪ ሲሆን ግላስ አዮኖመር እጅ ላይ ይጣደፋል። ሐረር ላይ ተረጋግተን የምናቀላቅለውን ድሬ ላይ መሯሯጥ ነበረብን። ሲቀላቀል ላዩ ያብለጨልጫል። የምናስገባው እያብለጨለጨ ሳለ ብቻ ነው። ማብለጭለጩ ከጠፋ ጥርሱን የሚይዘው አሲድ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። ያኔ የገባ ሙሌት ጉድጓዱ ውስጥ ተቀመጠ እንጂ አልተያያዘም። እኔ ማብለጭለጩ የጠፋውን እጥልና አዲስ አቀላቅላለሁ። ማጣበቂያውም ውስጡ አልኮል ወይም አሴቶን ስላለው ክዳኑ ተከፍቶ ሙቀት ላይ ከዋለ ይተናል። ከቀዝቃዛ ቦታ የሚያስቀምጡ ክሊኒኮች አሉ፣ የማያስቀምጡም አሉ።

ሦስተኛው መብራቱ። ኮምፖዚት በደንብ የሚደርቀው መብራቱ ኃይል ሲኖረው ነው። ያረጀ መብራት፣ ባትሪው የደከመ መብራት፣ ላዩን ያደርቅና ውስጡን ለስላሳ ይተወዋል። በንክኪ አታውቁትም። ከ2 ሚሊሜትር በላይ አንዴ ከሞሉትም እንደዚያው ነው።

ለገሃሬ | ማክሰኞ፣ ቀትር 6:30

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ የምቦርሸው በቀኝ እጄ ነው። ጠንካራውን ብሩሽ ነው የምጠቀመው፣ ካልጠነከረ የጠራ አይመስለኝም። በጥፍሬ ስነካው የፊተኛው ጥርስ ጠንካራ ነው፣ ያንሸራትታል። የኋለኛው ግን ቡኒ ነው፣ ሻከር ይላል። ሸዋ በር፣ ድዴ ስቦርሽ ይደማል፣ አንቺ እንዳልሽው።

ሌላ ነገር ደግሞ። ሦስተኛ ዓይነት አለ የሚል ሰው ሰማሁ፣ በመብራት የሚደርቅ ግላስ አዮኖመር። እውነት ነው?

ደቻቱ_ማዶ | ማክሰኞ፣ 7:10

ዶክተር፣ ማብራሪያው ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ግላስ አዮኖመር እንዲህ ጥሩ ከሆነ ለምን በዘመቻ በነጻ ይሞላል? የወንድሜስ ኮምፖዚት ለምን አልወለቀም?

ዶክተር_ከዚራ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:20

» የወንድሜስ ኮምፖዚት ለምን አልወለቀም?

ደቻቱ፣ ወንድምህ የተሞላለት የቱ ጥርሱ ነው? የመንጋጋው ማኘኪያ ላይ ከሆነ ዙሪያውን ኢናሜል ነው። እዚያ ኮምፖዚት ንጉሥ ነው፣ እኔም የምሞላው እሱን ነው። እዚያ ግላስ አዮኖመር ማኘክን አይችልም፣ ይፈጫል። ለገሃሬ የጠየቀው ግን ስለ ድድ ጠርዝ ነው። እዚያ ጥርስ ከጥርስ ጋር አይገናኝም፣ ስለዚህ የግላስ አዮኖመር ትልቁ ድክመት ብዙ አይጎዳም። በጎን ያሉ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች በተደጋጋሚ ያገኙት ከሁሉም ይልቅ የማይወልቀው ግላስ አዮኖመር መሆኑን ነው። በመልክ ደግሞ ኮምፖዚት ይበልጠዋል። ሁለቱንም ነው የምነግርህ።

ስለ ዘመቻው። በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ በግላስ አዮኖመር የመሙላት ዘዴ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ታንዛኒያ ውስጥ ነው። ኤሌክትሪክ በሌለበት ጥርስ ከመንቀል ይልቅ ማዳን እንዲቻል። የሚመረጠው ራሱ ስለሚጣበቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ግላስ አዮኖመርን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ዋጋው መቀነሱ ለእኛ ለሕዝቡ ጥሩ ነገር ነው። ጥራቱን አይነካም።

ለገሃሬ፣ አዎ፣ ሦስተኛው አለ። ግላስ አዮኖመር ውስጥ ሬዚን ተጨምሮበት በመብራት የሚደርቅ ነው። ገበያ ላይ ብዙ የምናየው የጃፓኑ ፉጂ 2 ኤልሲ ነው። እንደ ግላስ አዮኖመሩ ከጥርሱ ጋር ራሱ ይያያዛል፣ ፍሎራይድ ይለቃል። በመብራት ስለሚደርቅ በዚያው ቅጽበት ይጠነክራል፣ ላዩ ልሙጥ ይሆናል፣ ቀለሙም ከተራው ይሻላል። ችግሩ ሬዚኑ ውሃ ይስባል። ዓመታት ሲያልፉ ቀለሙ ሊለወጥ ይችላል። ለድድ ጠርዝ እኔ በጣም የምወደው ዕቃ እሱ ነው፣ አልደብቅም። ክሊኒኩ ሁሉ አይይዘውም፣ ስለዚህ ስትሄድ በስሙ ጠይቅ። ኮምፖመር የሚባልም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመጣ፣ ለኮምፖዚት የቀረበ ዓይነት። አሁን ብዙም ስለማይያዝ እሱን ልለፈው።

ሥሩ ላይ የወረደና ስትስቅ የሚታይ ጥርስ ሲሆን ሁለቱን አንድ ላይ የምንሠራበት ጊዜ አለ። ከሥር ግላስ አዮኖመር፣ ከላዩ ኮምፖዚት። ሳንድዊች እንለዋለን። ሥራው ይረዝማል፣ ውጤቱ ግን ያምራል።

አሁን ወደ አንተ ጥርስ። ቀኝ እጅ፣ የግራ ክራንቻና ከጎኑ ያሉት፣ ጠንካራ ብሩሽ። ይህ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ቀኝ እጁ የሚቀናው ሰው በግራ በኩል ብሩሹን አጥብቆ ያገላብጣል፣ ጥርሱ ድዱ ጋ በሽብልቅ ቅርጽ ይበላል። የፊተኛው፣ ጠንካራውና የሚያንሸራትተው፣ እንደዚያ ይመስለኛል። ባክቴሪያ የበላው ላይሆን ይችላል። ጥልቀት ከሌለው ላይሞላም ይችላል። ፖታሲየም ናይትሬት ያለበት ለሚነዝር ጥርስ የሚሆን ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ አንዳንዴ ይበቃዋል። የኋለኛው፣ ቡኒና ለስላሳ የሆነው፣ እሱ የተበላ ነው። እሱ ይጠረጋል፣ ይሞላል። ሁለቱን አንድ ዓይነት በሽታ አድርገው ሊሞሉልህ ከፈለጉ «ሁለቱም አንድ ናቸው?» ብለህ ጠይቃቸው።

ጋሽ_ምድር_ባቡር | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:00

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን አነበብኩ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነኝ። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። አፌ ይደርቃል፣ በተለይ ሌሊት። ድዴ ሸሽቷል። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ስድስት ጥርሴ ድዱ ጋ እየተበላ ሄደ። አንዱን ሞልቼ ስጨርስ ሌላው ይጀምራል። አፌን ለማራስ ከረሜላ እመጥጣለሁ። ለእኔ የሚሆነው ሙሌት የቱ ነው?

ዶክተር_ከዚራ | ረቡዕ፣ ማታ 1:15

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንደ እርስዎ አፉ የሚደርቅ ሰው ላይ ግላስ አዮኖመር ነው የምመርጠው። ምራቅ አሲዱን የሚያጥብልን ነገር ነው። እሱ ሲቀንስ ሥሩ ቶሎ ይበላል። በጨረር ሕክምና አፋቸው የደረቀ ሰዎች ላይ በተሠሩ ጥናቶች ግላስ አዮኖመሩ ራሱ ተሸርሽሮ እንኳን ከጎኑ ያለው ጥርስ እንደገና የመበላቱ ነገር ያነሰ ነበር። ሙሌቱ አልቆ ጥርሱ ከተረፈ እንደገና መሙላት ይቻላል። ጥርሱ ካለቀ ምን ይደረጋል?

ከሙሌቱ በፊት ግን ከረሜላውን ያቁሙልኝ። ስኳሩ ቀኑን ሙሉ ሥሩ ላይ እየተቀመጠ ነው። ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጎንጩ። ስኳር የሌለው ማስቲካ ካገኙ እሱን ያኝኩ፣ ምራቅ ያመጣል። የግፊት መድኃኒቱን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ። የሰጠዎትን ሐኪም ያማክሩ፣ ምናልባት የሚለወጥ ካለ እሱ ያውቃል።

ከተበሉት ውስጥ አንዳንዱ ጠቁሮ ጠንክሮ ሊሆን ይችላል። ጥቁርና ጠንካራ ከሆነ በሽታው ቆሟል ማለት ነው፣ ሁልጊዜ አይቆፈርም። ፈዘዝ ያለ ቡኒና ለስላሳው ነው የሚያሰጋው። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽም አለ። ይቀባል፣ መቦርቦሩን ያቆመዋል። የተበላውን ቦታ ግን በጣም ያጠቁረዋል። ከኋላ ላለ ጥርስ ችግር የለውም።

ባለፋርማሲ | ረቡዕ፣ ማታ 1:50

በጋሼ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር። የጥርስ ሳሙና ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የፍሎራይዱን መጠን እዩ። ለአዋቂ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እጅ ማለት ነው) የሚለው ተራው ነው። ሥሩ ለሚበላበት ሰው 5000 የሆነ አለ፣ ግን በሐኪም ትእዛዝ ነው፣ ሁሉም ጋ አይገኝም። ፍሎራይድ የሌለባቸው «ተፈጥሯዊ» የሚባሉ ሳሙናዎች በብዛት ይገባሉ። ለእንዲህ ያለ ሰው እነሱን አልሸጥም። ከቦረሻችሁ በኋላ አረፋውን ትፉት እንጂ በውሃ ብዙ አትጉመጥመጡ።

ሃያት_መጋላ | ረቡዕ፣ ማታ 2:10

እኔ የምጠይቀው ስለ ልጄ ነው። ሁለት ዓመት ከምናምኗ ናት። የላይ የፊት ጥርሶቿ ድዱ ጋ ነጭ መስመር አላቸው፣ አንዱ ላይ ቡኒ ጀምሯል። ጡጦ ይዛ ነው የምትተኛው። የወተት ጥርስ ስለሆነ ይወድቃል ተዪው ይሉኛል። እሷም ይሞላላታል?

ሸዋ_በር | ረቡዕ፣ ማታ 3:05

ሃያትዬ፣ አትተዪው። የፊቶቹ የሚለወጡት ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላት ነው። እስከዚያ ያማታል፣ ያብጣል፣ ምግብ ትከለክላለች። ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስም ሊጎዳው ይችላል።

ነጩ መስመር ገና ጉድጓድ አይደለም። ጥርሱ ማዕድን እያጣ ነው። አሁን ከተደረሰበት ሊመለስ ይችላል። ፍሎራይድ ቫርኒሽ የሚባል አለ፣ በብሩሽ ቀብተን እንልካታለን፣ ደቂቃ አይፈጅም፣ አያምም። ቡኒው ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ ያለ መርፌ በእጅ መሣሪያ ተጠርጎ በግላስ አዮኖመር ይሞላል። በዚህ ዕድሜ ለኮምፖዚት የሚያስፈልገውን ያህል አፍ ከፍቶ፣ ደርቆ መቀመጥ ከባድ ነው። ካስቸገረች ዶክተር ያሉት የሚያጠቁረው ፈሳሽም አለ። መጥቆሩን አስቀድመሽ እወቂው።

ጡጦው ላይ ነው ዋናው ነገር። ማታ ይዛ የምትተኛው ውሃ ብቻ ይሁን። አንዴ ካልሆነልሽ ወተቱን በየቀኑ እያቀጠንሽ ውሃ አድርጊው። ለምሽት ከተቦረሸች በኋላ ምንም። ሳሙናው የሩዝ ፍሬ ያህል ይበቃታል። ሦስት ዓመት ሲሞላት የአተር ፍሬ ያህል። የምትቦርሺያት አንቺ ነሽ፣ እጇ ገና አልጠናም።

ቀፊራ_ልጅ | ሐሙስ፣ ቀትር 6:50

እኔ ደግሞ ጫት እቅማለሁ። ሁልጊዜ በቀኝ ጉንጬ ነው። የተበሉብኝ ጥርሶች ሁሉ በቀኝ ናቸው። አንድ ሐኪም ካላቆምክ አልሞላልህም አለኝ። እንዲህ ይባላል?

ዶክተር_ከዚራ | ሐሙስ፣ ማታ 2:00

ወንድሜ፣ እኔ እሞላልሃለሁ። የተበላ ጥርስ ያለው ሰው መባረር የለበትም።

ግን ያየሁትን ልንገርህ። ጫቱ የሚያዝበት ጉንጭ በኩል ድድ ሲሸሽ፣ ሥሩ ሲወጣ፣ እዚህ አገር በየቀኑ ነው የማየው። ጫት አፍ ያደርቃል። ከዚያ በላይ ጥርሱን የሚጨርሰው በርጫ ላይ አብሮ የሚጠጣው ነው። ኮካው፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለሰዓታት ትንሽ ትንሽ እየተጎነጨ። የኮካ ፒኤች 2.5 ገደማ ነው። በደረቀ አፍ ላይ፣ በወጣ ሥር ላይ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ አስበው። አሲዱ ግላስ አዮኖመርንም ይሸረሽረዋል። የኮምፖዚቱን ጠርዝ ደግሞ የጫቱ ቀለም ያጠቁረዋል። ስለዚህ ላንተ ከዕቃው ምርጫ በላይ የሚለውጠው መጠጡ ነው። ውሃ አድርገው። ጫቱን ብትቀንሰው ደስ ይለኛል፣ ካልቻልክ ግን መጀመሪያ ስኳሩን አውጣው። በርጫው እንዳለቀ በውሃ ተጉመጥመጥ፣ ቦርሽ እንዳትል፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተህ በለስላሳ ብሩሽ።

ደቻቱ_ማዶ | ሐሙስ፣ ማታ 2:25

ወንድሜን ደውዬ ጠየቅኩት። መንጋጋዎቹ ናቸው፣ ሁሉም ማኘኪያው ላይ። አንድ ድዱ ጋ የተሞላ አለው፣ እሱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ዶክተር፣ ገብቶኛል፣ ይመችህ።

ለገሃሬ | እሑድ፣ ጠዋት 4:10

ወገኖች፣ ወደ ሁለተኛው ክሊኒክ ተመልሼ ሄድኩ። እንደነገራችሁኝ ጠየቅኩ። ሐኪሙ ደስ ብሎት ነው የመለሰልኝ። መስታወት ሰጥቶ አሳየኝ። የፊተኛው ጥርስ በብሩሽ የተበላ ነው፣ ጥልቀት የለውም፣ ይቆይ አለ። የኋለኛው ጠርዙ ሥሩ ላይ ወርዷል። ድዱም አብጧል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥርሴን አጠበልኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በመብራት በሚደርቀው ግላስ አዮኖመር ይሞላል፣ በክር። ዋጋው ከሁለቱ መሃል ነው። ብሩሹን ዛሬ ቀየርኩ።

ሸዋ በር፣ ከተሞላልኝ በኋላ መጠንቀቅ ያለብኝ ነገር ካለ ንገሪኝ።

አቦ_ታይዋን | እሑድ፣ ጠዋት 4:30

ዋናው መወሰንህ ነው አቦ። እኔም ልጠይቅ፣ የደበዘዘውን የእኔን ላስቀይረው ወይስ ልተወው?

ሸዋ_በር | እሑድ፣ ቀትር 7:00

አቦ_ታይዋን፣ ጠርዙ ካልተከፈተ፣ ካልነዘረህ፣ ከሥር ካልጠቆረ አትንካው። ደህና የያዘን ሙሌት ለቀለም ብለህ ስታስወጣ ጤነኛ ጥርስም አብሮ ይሄዳል። መልኩ ካሳሰበህ ላዩን ብቻ ትንሽ አንስቶ በኮምፖዚት መሸፈን ይቻላል፣ ከሥር ያለው ሳይነካ።

ለገሃሬ፣ በመብራት የሚደርቀው ወዲያው ስለሚጠነክር ማደንዘዣው ከለቀቀህ በኋላ መብላት ትችላለህ። ውስጡ ግን መብሰሉን ገና ይቀጥላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ሎሚ፣ ኮካ፣ በጣም ትኩስ ነገር ይቅርብህ። ተራው ግላስ አዮኖመር የሆነላችሁ ሰዎች ደግሞ 24 ሰዓት በደንብ ተጠንቀቁ። ውሃም መድረቅም ይጎዳዋል። ላዩን ቫርኒሽ ወይም ቫዝሊን ካልቀቡላችሁ «ቀቡልኝ» በሉ።

ከሌላ ቦታ የአሲድ ፍሎራይድ ጄል ሊቀቡህ ቢፈልጉ ግላስ አዮኖመር እንዳለህ ንገራቸው፣ ያሻክረዋል። ለእሱ የማይጎዳ ሌላ ዓይነት ፍሎራይድ አለ። ጥቂት ቀን መንዘሩ አይቀርም፣ እየቀነሰ ከሄደ ደህና ነው። እየጨመረ ከሄደ፣ ወይም ማታ ከቀሰቀሰህ፣ ሳትቆይ ተመለስ፣ ነርቩ ሊሆን ይችላል። ጠርዙ ድድህን የሚነካበት ቦታ ላይ በምላስህ ወይም በጥርስ ማጽጃ ክር ስታልፍ የሚይዝ ሻካራ ነገር ካለም ተመለስና ያለስልሱልህ። እዚያ ላይ ምግብ ከያዘ ድድህ እንደገና መድማት ይጀምራል።